የኮምፒዩተር ዕውቀት የአንድ ትምህርት ክፍል ርስት መሆን የለበትም

መሬት በጥቂቶች እጅ በነበረበት ዘመን አራሹ የድካሙ ፍሬ ባለቤት እንዳልነበረ ሁሉ፣ ዕውቀትም በጥቂቶች እጅ ተወስኖ ሲቀር ሰፊው ሕዝብ በራሱ ጉዳይ ላይ ወሳኝ የመሆን ኃይሉን ያጣል። ይህ አዲስ አባባል አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ዛሬ የገበሬው ይዞታ፣ የአፈሩ ምርመራ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብና የጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚመዘገቡትና የሚሰሉት ከጊዜ ወደ ጊዜ በኮምፒዩተር እየሆነ መምጣቱ ነው። በመሆኑም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ኮምፒዩተርን የሚማረው ማን ነው? ምን ያህልስ ይማራል? ለምን ዓላማ ይማራል? የሚሉት ጥያቄዎች የመምህራንና የተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የቀበሌው ነዋሪና የሠራተኛው ጥያቄዎችም ናቸው።

አቋማችን አጭርና ግልጽ ነው። የግብርናው፣ የመሬት አስተዳደሩ፣ የጤናው፣ የሒሳብ አያያዙና የቋንቋው ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር መስማት ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር መሥራትን፣ የኮምፒዩተርን ሥራ መመርመርንና ስሕተቱን ማረምን በገዛ ሙያው ጉዳይ ላይ ሊማር ይገባል።

ነገሩን ከረቂቅ ሐሳብ አውርደን በተጨባጩ ኑሮ ላይ እንመልከተው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በጮቄ ተራሮች ሥር የምትገኘው ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የደጋው ገበሬ ገብሱንና ድንቹን፣ ስንዴውንና በጉን ይዞ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ናት። የዚህ ደጋ አፈር ለብዙ ዘመን ያለ ዕረፍት ሲታረስ በመኖሩና ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ በመውሰዱ በአሲድ የተጎዳ መሆኑ የታወቀ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ ፎስፈረሱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ሰብሉ እንደሚገባው አይጠቀምበትም። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። የኖራውን መጠን የሚወስኑት ደግሞ የአፈሩ ምርመራ ውጤትና የማሳው ስፋት ናቸው።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ሁለት ጥማድ ማሳ አለው እንበል። አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ነውና ማሳው ግማሽ ሔክታር ይሆናል። የታዘዘው በሔክታር 20 ኩንታል ኖራ ከሆነ ለዚህ ገበሬ የሚያስፈልገው 10 ኩንታል ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ጥማዱን እንደ ሔክታር ቆጥሮት ከሆነ፣ ማሽኑ ያለ አንዳች ማመንታት 40 ኩንታል ብሎ ያወጣል። ማሽን አያፍርም፣ አይጠራጠርም፤ የተሰጠውን ያሰላል። ታዲያ ስሕተቱን የሚያገኘው ማን ነው? የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቁ ቀመሩን ቢያውቅ ጥማድን አያውቅ ይሆናል። የግብርና ምሩቁ ጥማድን ቢያውቅ ሠንጠረዡን ከፍቶ ቀመሩን መመርመር አልተማረም። በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ገበሬው ነው። ገንዘቡንም፣ የአህያውንም ድካም፣ የማይመለሰውንም የእርሻ ወቅት የሚከፍለው እርሱ ነው።

የከተማው ሠራተኛም ከዚህ ውጭ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሌሊት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 1.75 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ ደግሞ 2.5 እጥፍ እንዲከፈል ይደነግጋል። ደመወዝ በኮምፒዩተር በሚሰላበት መሥሪያ ቤት ይህ ሕግ ወደ አንዲት የቀመር መስመር ይለወጣል። መስመሯ ከተሳሳተች ሕጉ በወረቀት ላይ ምሉዕ ሆኖ ሳለ በየወሩ የሠራተኛው ላብ ይጎድላል። የሒሳብ አያያዝ ምሩቁ ያችን መስመር አንብቦ “ይህ ከአዋጁ ጋር አይስማማም” ለማለት ካልበቃ፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ማንን ይጠይቃል?

የመሬቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ ነበር። ከባሕር መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚደረገው ሽግግር ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። አማርኛ በድምፅ አንድ የሆኑ፣ በመልክ ግን የተለያዩ ፊደላት እንዳሉት የታወቀ ነው። “ኃይሉ”ን በ“ኃ”፣ በ“ሃ”ም ሆነ በ“ሐ” ብንጽፈው የሰፈሩ ሰው አንድ ሰው መሆኑን አይስትም። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ነው። ይህ ካልተበጀለት በስተቀር፣ ባሏ የሞተባት እናት የይዞታ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ በመስኮቱ በኩል የምትሰማው መልስ “በዚህ ስም የተመዘገበ የለም” የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን ችግር በሚገባ የሚረዳው የአማርኛ ቋንቋ ተማሪ ነው። መፍትሔውንም የሆሄያቱን ዝምድና ጠንቅቆ የሚያውቅና ጥቂት መስመር ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ያበጀዋል። ይህ ሰው ግን ሁለቱን ትምህርቶች አጣምሮ የሚያገኝበት በር ሊከፈትለት ይገባል።

በሩ ጨርሶ ዝግ ነው አንልም። በ2012 ዓ.ም የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ዳግም ሲጀመር፣ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያስተዋውቅ ኮርስ ለማኅበራዊ ሳይንስም ሆነ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንዲሰጥ ተደርጓል። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ሆኖም የኮርሱ ማስተማሪያ ሰባት ምዕራፎች ስለ መረጃ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ በይነ መረብ የተገናኙ ዕቃዎችና ስለ መሰል ጉዳዮች ያስተዋውቃሉ እንጂ ተማሪው ራሱ ፕሮግራም እንዲጽፍ የታለሙ አይደሉም። የአንድ ነገር ትርጓሜ በቃል ተጠንቶ ለፈተና ሲቀርብ ውጤት ያስገኝ ይሆናል፤ የገበሬውን የኖራ ሠንጠረዥ ግን አያርምም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎጃም የቅኔ አገር ናት። በቅኔ ቤት የቅኔ ትርጓሜ ምን እንደሆነ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ባለቅኔ አይባልም። ሰዋስውን እያጠና፣ የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በነጋታው እንደገና ይቆጥራል። ደግሞም ቅኔን የሚማረው ባለቅኔ ሆኖ ለመኖር የሚሻው ብቻ አይደለም። መጻሕፍትን ለመተርጐም የሚያስበውም አስቀድሞ በቅኔ ቤት ያልፋል፤ ቅኔ ለቀጣዩ ዕውቀት መሠረት ነውና። እኛም ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ለሁሉም የጋራ መሠረት፣ በየዕለቱ የሚሠራ፣ የሚታረም ትምህርት ይሁን።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን፣ ኮምፒዩተር የሳይንስና የሒሳብ ሰዎች ብቻ ሆኖ መቅረቱን በመቃወም፣ የታሪኩም የሥነ ጽሑፉም ተማሪ በቀላሉ የሚጽፍበትን “ቤዚክ” የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠሩ። ቋንቋው ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 1 ቀን 1964፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም ነበር። ዕለቱ የዓለም ሠራተኞች ቀን መዋሉ አጋጣሚ ቢሆንም የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

በአገራችንም አርአያ አልጠፋም። ፊደላችንን በኮምፒዩተር ላይ ለማስፈር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ1982 ዓ.ም ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹ አማርኛን በኮምፒዩተር ስለ ማንበብና ስለ መተንተን የመመረቂያ ጽሑፎችን ያበረከቱበት ተቋም ነው። ረድኤት አበበም የመጀመሪያ ዲግሪዋን በሒሳብ ካገኘች በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀብላለች። ከሌላ ሙያ ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር መሻገር እንደሚቻል እነዚህ ሕያዋን ምስክሮች ናቸው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይሰነዘራሉ። አንደኛው፣ “የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቃን ራሳቸው ሥራ አጥተው ሳለ ሌላውን ማስተማር ምን ይጠቅማል?” የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ዕውቀትን ከሥራ መቀጠሪያ ወረቀት ጋር ያምታታል። የግብርና ባለሙያው ኮምፒዩተርን የሚማረው የፕሮግራመሩን ወንበር ለመውሰድ ሳይሆን የራሱን ሥራ በሚገባ ለመሥራት ነው። ሁለተኛው፣ “ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ፕሮግራም ስለሚጽፍ መማሩ ከንቱ ድካም ነው” የሚል ነው። እኛ ደግሞ ማሽኑ ፈጥኖ በጻፈ ቁጥር የሚመረምረው ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል እንላለን። ከጥማድና ከሔክታር ልዩነት የሚመጣውን ስሕተት ለማየት ጥማዱንም ቀመሩንም የሚያውቅ ሰው ግድ ነው።

እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ለማንኛውም ፈቃደኛ ያለ ክፍያ ትምህርት መስጠቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በበይነ መረብ የሚሰጥ ነው። በክልላችን በ2015 ዓ.ም ከተቀሰቀሰው ግጭት ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡን የማያስታውስ የለም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሮብ ገበያ በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ትምህርት ለተማሪው እንዳልነበረ ያህል ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ያለ ኢንተርኔትም ሊሰጥ የሚችል፣ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ተጭኖ የሚቀመጥ ትምህርት አስፈላጊ መሆኑን ነው። ፕሮግራም ለመጻፍ ኮምፒዩተርና የኤሌክትሪክ ኃይል ይበቃሉ። ኢንተርኔት ቢኖር ይረዳል እንጂ ባይኖር ትምህርቱን አይከለክልም።

ስለዚህም ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን እናሳስባለን። በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ውጭ ላለ ተማሪ ቢያንስ አንድ የተግባር ኮርስ በሙያው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ይስጡት። ለግብርናው ተማሪ የጮቄን አፈር፣ ለጤናው የወር ሪፖርቱን፣ ለሒሳቡ የማኅበር ደብተሩን፣ ለአማርኛው ተማሪ የስሞችን መዝገብ ያቅርቡለት። የኮምፒዩተር መምህሩና የሙያው መምህር አብረው ያስተምሩ። የኮምፒዩተር ክፍሎች በምሽትና በቅዳሜ ተከፍተው፣ የግል ኮምፒዩተር መግዛት ለማይችለው የገበሬና የሠራተኛ ልጅ፣ በተለይም ለሴት ተማሪዎች፣ ተደራሽ ይሁኑ። ማብራሪያውም በአማርኛ ይታገዝ። የእንግሊዝኛ እጥረት የማሰብ እጥረት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ተማሪውም የምስክር ወረቀት ከመሰብሰብ አባዜ ተላቆ፣ የአካባቢውን አንድ ችግር ይዞ በመሥራት ዕውቀቱን ይፈትን።

የመኖሪያ አካባቢ ማኅበራትና እድሮች ደግሞ ዳር ቆመው ተመልካች ሊሆኑ አይገባም። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ “የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር” ብሎ ሲነሣ፣ ትምህርቱ እየሰፋ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተሰጠውና ውጤቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሽልማት የበቃው፣ ሕዝቡ አዳራሹንና ጊዜውን፣ ከሁሉም በላይ ፈቃዱን ስለ ሰጠ ነበር። የዚያ ዘመን ብዙ ነገር አልፏል፤ ይህ ትምህርቱ ግን አላለፈም። ዛሬም ማኅበሩ በአዳራሹ ጥግ ሁለት ኮምፒዩተር ቢያስቀምጥ፣ ለክረምት ዕረፍት የመጣው ተማሪ የማኅበሩን መዋጮ መዝገብ ከአባላቱ ጋር በሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ፣ አባላቱም “ይህ ድምር ከየት መጣ?” ብለው ቢጠይቁት፣ ተማሪውም ሕዝቡም ይማራሉ።

ያች ጥያቄ ቀላል መስላ አትናቅ። ገበሬው ስለ ኖራው፣ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ፣ እናቲቱም ስለ ይዞታዋ “ከየት መጣ?” ብለው ሲጠይቁ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ስሌት ከፍቶ በቋንቋቸው የሚያስረዳ ልጅ ከመካከላቸው ሊኖር ይገባል። ያን ልጅ ማፍራት የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ሲሆን፣ እንዲያፈራ መጠየቅ ደግሞ የሁላችንም መብት ነው።