ኢንጄክተር ከመቀየሩ በፊት ይለካ

እንደሚታወቀው በከተማችን ከሚርመሰመሱት የቤንዚን መኪኖች አብዛኞቹ እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ያሉ ትናንሽ ቶዮታዎች ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መከልከሉ ስለተገለጸ፣ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ተተኪ ሳይመጣላቸው ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. በሊትር ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ተሻግሯል። ስለዚህ ቤንዚን የምትረጨዋ ትንሽ ኢንጄክተር ነገር ለእኛ ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለችም።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። በየጋራዡ ኢንጄክተር ሳይለካ ይቀየራል፤ እኛም እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ የምንለማመደው ያንኑ ነው።

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጋራዥ ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ ቪትዝ ስትመጣ መጀመሪያ የሚባለው "ኢንጄክተሯ ነው" ነበር። ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ገዝቶ ይመጣል፣ ይገጠምለታል፣ ይከፍላል። ከእነዚህ አንዱ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የቦቢና ሆኖ ተገኘ። ዋናውን መካኒክ "ጋሼ፣ ለምን መጀመሪያ አልተፈተሸም?" ብለው፣ "ስማ ልጄ፣ ሰው ዕቃ ሲቀየርለት ነው የሚከፍለው፤ ለምርመራማ ማን ይከፍላል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደንበኛውም "ምንም ሳትቀይር ምን ልክፈልህ?" ይላል። ሆኖም የሦስት ቀን ገቢ ያጣውን ሰው ቆጥረን ካየነው፣ የግማሽ ሰዓት ምርመራ ቢያስከፍሉት ይረክሰው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኢንጄክተር የሚሰጠው የመክፈቻ ጊዜ በመሠረቱ እኩል ነው፤ ሚኒሞ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ። ውጤቱን የሚያየው ደግሞ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ በኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ማለትም አማካዩን እንጂ እያንዳንዱን አያይም። አሁን ከሌላ ሞተር የወጣ፣ የበለጠ የሚያፈስ አንድ ኢንጄክተር ብንገጥም ኮምፒውተሩ "ቤንዚን በዝቷል" ብሎ ለሁሉም ይቀንሳል። ያኔ አንዱ ሲሊንደር በቤንዚን ሲርስ ጤነኞቹ ይራባሉ። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ዳሽቦርድ ላይም መብራት ላይበራ ይችላል፤ ነገር ግን ትበላለች፣ ጉልበቷም ይቀንሳል። ሳይዘጋ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን ያጋግለዋል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ባለመኪናው ግን "ቀይሬያለሁ" ብሎ ሌላ ጥፋት ይፈልጋል። "የገጠመልህ ገጠመ" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የተሰኪውና የኦሪንጉ መመሳሰል ብቻ አይበቃም፣ የኢንጄክተሩ ቁጥር መመሳሰል አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተሮቹን ሶኬት ተራ በተራ መንቀል፤ ሲነቀል ዙሩ የማይወርድበት ሲሊንደር ተጠርጣሪው ነው። ተጠርጣሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ካንዴላውንና ቦቢናውን ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር ማቀያየር፣ ኮምፕሬሽን መለካት። ረጅም ካቻቢቴ ጆሮ ላይ ደግፎ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ማዳመጥ (የድሮ ዘዴ ቢሆንም እስካሁን የሚያህለው አላየሁም)። በመልቲሜትር ሲለካ በእነዚህ መኪኖች ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ካሳየ ጥቅሉ ደህና ነው። ይህ ሁሉ ምንም ዕቃ አያስገዛም።

መዘጋት ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ መቀየር አያስፈልግም። ሞተር ሲጠፋ ጫፉ ላይ የቀረው ቤንዚን በሙቀት ተኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድና ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ መኪና ላይ ይብሳል። ይህ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ይለቃል። ሳልባትዮ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ለመከላከል ይረዳ እንደሆን እንጂ የተዘጋውን ይከፍታል ብዬ አላምንም። ታጥቦ ሲመለስ ኦሪንጉ አዲስ ይሁን፣ በቤንዚን ወይም በቀጭን ዘይት ረጥቦ ይግባ። ከመፍታት በፊትም የፓምፑን ሶኬት ነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ማስነሳት፣ ከዚያ ባትሪውን መፍታት ግዴታ ነው። የነዳጅ መስመሩ 3 ባር ያህል ግፊት አለው፣ የጋለ ሞተር ላይ ቢረጭ ቀልድ የለም።

ወደ ትምህርት ክፍላችን ልመለስና፣ የተግባር ፈተናችን ኢንጄክተርን በተወሰነ ደቂቃ ፈትቶ መግጠም ነው። ፈጣን እጅ ያለው ኤ ያገኛል። ለምን አንድ የተበላሸ ነገር ተደብቆበት "ጥፋቱ ምንድነው፣ በምን አወቅህ?" አይባልም? መምህራኖቻችን መሣሪያ የለም ይላሉ። ስቶር ውስጥ ግን ከአሮጌ ሞተር የወጣ የነዳጅ መስመር ከነኢንጄክተሮቹና የሚሠራ ፓምፕ አለ። ኢንጄክተሮቹን እኩል የሚከፍትና የሚዘጋ ሰርኪዩት የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ይሠሩታል። በቤንዚን ሳይሆን ለመሞከሪያ በተዘጋጀ፣ በቀላሉ በማይቀጣጠል ፈሳሽ ከተሠራ አራቱ እኩል መርጨታቸውን በመለኪያ ቱቦ ማየት ይቻላል። ቱቦዎቹን እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለማምጣት ተስማምተናል፤ ፓምፑና መስመሩ ግን በፊርማ ስለሚወጡ የትምህርት ክፍሉን ፈቃድ እየጠበቅን ነው።