ከሠርግ ፎቶግራፍ ላይ የእናት ጉርድ ሲወጣ

ፎቶግራፍ በቤታችን የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ መታወቂያ ሲወጣ፣ የባንክ ደብተር ሲከፈት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠየቃል። ሠርግ ሲደገስ ሙሽሮቹ ከዘመድ አዝማድ ጋር ተሰልፈው ይነሣሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ ምስሉ ጎልቶ በክፈፍ ይገባና በለቅሶው ቤት፣ ኋላም በሙት ዓመቱ ከፊት ይቀመጣል። ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ይኸው የመጨረሻው ነው። ለሟቹ፣ ይልቁንም ለሟቿ፣ ለብቻ የተነሣ ፎቶግራፍ ተፈልጎ ይታጣልና።

«ይልቁንም ለሟቿ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋግ ኽምራ በዝቋላ ወረዳ (የቢሾፍቱን አካባቢ የዝቋላ ተራራ ማለታችን አይደለም) በፅፅቃ ከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌዎቹ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በድግስ ቀን እናት ከጓዳ አትወጣም። ፎቶግራፍ አንሺው «ኑ፣ ተሰብሰቡ» ሲል እጅዋን እየጠራረገች መጥታ ከዳር ትቆማለች፤ አለዚያም ከኋላ ረድፍ አንገቷን ብቅ አድርጋ ወዲያው ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። ዓመታት አልፈው እናት ስታርፍ ልጆቿ ስልካቸውን ቢያገላብጡ የሚያገኙት ያንን የሠርግ ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል።

በዋግ ኽምራ ሌላም ምክንያት ተጨምሯል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ተሰዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ዞኑን ጎድቷል። በችኮላ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ልጁን ያዝላል እንጂ አልበሙን አያነሣም። ስለዚህ በአንድ ዘመድ ስልክ ውስጥ የቀረ አንድ ፎቶግራፍ የመላው ቤተሰብ ቅርስ ሆኖ ይገኛል።

አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ታዲያ «የእናቴን ብቻ ቁረጡና ላኩልኝ» ብላ ትጽፋለች። ይቆረጣል፤ ይላካል፤ ፎቶግራፍ ቤት ተወስዶ ይጎላል። ታትሞ ሲወጣ ግን ዓይኑ ከቅንድቡ አይለይም። ያን ጊዜ «መቁረጡ አበላሸው» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መቁረጥ፣ በስልኩ ቋንቋ «ክሮፕ» የሚባለው፣ በራሱ ምስልን አያደበዝዝም። የሚያደበዝዙት ከመቁረጡ በፊትና በኋላ የሚሠሩ ሌሎች ሥራዎች ናቸው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የእናትን ፊት ለማትረፍም ለማጣትም ምክንያት ይሆናል።

ነገሩን ከስፌት ጋር ብናስተያየው ይቀለናል። በአለላ የተጌጠ መሶብ ከሩቅ ሲያዩት አበባና መስቀል ይታይበታል፤ ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ግን እያንዳንዱ የአንድ ቀለም የሆነ ጥቃቅን ስፌት ነው። የስልክ ፎቶግራፍም እንዲሁ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለ አንድ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ስልክ ያነሣው ምስል በወርዱ 4000፣ በቁመቱ 3000፣ በድምሩ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይኖረዋል። ከመሶቡ ላይ አንዲቱን አበባ ብቻ ቆርጠው ቢያወጡ ስፌቱ አይበላሽም፤ ነገር ግን አይበዛም። ያችን አበባ እንደ መሶቡ ላስፋ ያሉ እንደሆነ ክፍተቱ ይታያል።

በነጥብ የተሠራ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ራሱ የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንደ ነበር ማወቁ ደስ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ የደረጃዎች ብሔራዊ ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ የሦስት ወር ሕፃን ልጁን የዋልደንን ፎቶግራፍ በመሣሪያ አንብቦ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ያ ምስል በወርዱም በቁመቱም 176 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዛሬ የአንዲት እናት ፊት ከሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ሲቆረጥ የሚተርፈው ነጥብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እስቲ እናስላው። በአንድ ረድፍ አሥር ሰው የቆመበት ባለ 4000 ነጥብ ፎቶግራፍ ቢኖረን ለአንድ ሰው 400 ነጥብ ያህል ይደርሰዋል። የእናትን ራስና ትከሻ ብቻ ስንቆርጥ በወርዱ 300፣ በቁመቱ 400 ነጥብ አገኘን እንበል። በእጅ ይዘው በቅርብ የሚያዩት ሕትመት ጥርት እንዲል በአንድ ሴንቲ ሜትር 118 ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ጉርድ 354 በ472 ነጥብ ይበቃል፤ የኛ 300 በ400 ለዚህ ጥቂት ቢያንሰውም ያደርሳል። ያንኑ 18 በ24 አድርጉልን ብንል ግን በሴንቲ ሜትር 17 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋልና ፊቱ ይፈርሳል።

ይህም ዋናው ፎቶግራፍ ሳይነካ በእጃችን ሲገኝ ነው። ፎቶግራፉ የደረሰን በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ተልኮ ከሆነ፣ መላኪያው ምስሉን ለማቅለል ሲል ረጅሙን ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። ያን ጊዜ የእናት ድርሻ ከ300 ወደ 96 ነጥብ ይወርዳል። ይህ ለ3 በ4 ጉርድ እንኳ አይበቃም። እንግዲህ ፊቱን ያጠፋው መላኩ እንጂ መቀሱ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥፋት ደጋግሞ ማስቀመጥ ነው። አብዛኛው የስልክ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃው በወጣው ጄፔግ በሚባለው ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ምስሉን በወርድና በቁመት ስምንት ስምንት ነጥብ ወዳላቸው አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ያጨምቀዋል። ዛሬ ቆርጠን አስቀምጠን፣ ነገ አብርተን፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ቆርጠን ባስቀመጥነው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጣላል። ሦስተኛው ጥፋት ፎቶግራፉን በስልኩ መስተዋት ላይ አጉልቶ መስተዋቱን ማንሣት፣ «ስክሪን ሾት» የሚሉት ነው። ይህ የሚይዘው መስተዋቱ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው፤ ዋናውን አይተካም።

በድሮው ጊዜ ፎቶግራፍ ለማስጎላት የሄደን ሰው ፎቶግራፍ ቤቱ አስቀድሞ «ነጋቲቩ አለ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። የዛሬው ነጋቲቭ ስልኩ ያነሣው፣ ያልተነካው ዋናው ፋይል ነው። ስለዚህ እናቶችና እህቶች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዙ ይጠቀማሉ።

1ኛ፤ የደረሰዎትን ፎቶግራፍ ከመቁረጥዎ በፊት ያነሣውን ሰው ፈልገው ዋናውን ይጠይቁ። የሠርጉ ፎቶግራፍ አንሺም ይሁን የአጎት ልጅ፣ ስልኩን ሳይለውጥና ሳያጠፋው ይድረሱበት።

2ኛ፤ የሚልክልዎ ሰው በቴሌግራም «ፋይል»፣ በዋትስአፕ «ዶክመንት» በሚለው መንገድ ይላክልዎ። በዚህ መንገድ የተላከ ፎቶግራፍ ነጥቡ አይቀነስበትም። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቀበሌ ደግሞ ወደ ሰቆጣ በሚሄድ ሰው በሚሞሪ ካርድ መላክ ይቻላል፤ ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ከሆኑም ብሉቱዝ ይበቃል።

3ኛ፤ ዋናውን ገልብጠው በሌላ ስልክ ወይም ሚሞሪ ያስቀምጡ። መቁረጥ ያለብዎት ቅጂውን ነው። አንዳንድ ስልክ የተቆረጠውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ አንዳንዱ ግን በዋናው ላይ ስለሚጽፍበት የተቆረጠው ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል።

4ኛ፤ ከመቁረጥዎ በፊት የሚያሳትሙትን መጠን ይወስኑ። ለ3 በ4 ጉርድ የስልኩን መቁረጫ «3፡4» ከሚለው ላይ ያድርጉት። መጠኑን ሳይወስኑ የቆረጡት ምስል ፎቶግራፍ ቤት ሲደርስ ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም እንደገና ይቆረጥና የእናት መቀነት ወይም ሻሽ ይጎድልበታል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው አባባል ለልብስ ሰፊ ብቻ የተነገረ አይደለም።

5ኛ፤ ማብራቱንም ማቅናቱንም መቁረጡንም በአንድ ጊዜ ጨርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጡ። ሲያስቀምጡም ስልኩ የጥራት ምርጫ ከሰጠዎ ከፍተኛውን ይምረጡ።

6ኛ፤ አጥብቀው አይቁረጡ። ከራስ በላይ ጥቂት ቦታ ይተዉ፤ አገጭና አንገት ላይ አያቁሙ፤ እስከ ደረት ይውረዱ። ጉርድ የተባለውም ከደረት ላይ ስለሚጎረድ ነው።

እዚህ ላይ ፎቶግራፉ ጎልቶ እንዲሰቀል ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁለት መላ አለ። የመጀመሪያው እናትን ለብቻዋ ከመነጠል ይልቅ በግራና በቀኝ ከቆሙት ጋር መተው ነው። ሰፋ አድርገው ቆርጠው 1200 በ1600 ነጥብ ቢተርፍዎ፣ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በሴንቲ ሜትር 67 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል። በግድግዳ ላይ ሆኖ ራቅ ብለው ለሚያዩት ምስል ይህ ይበቃል። እናት ከእኅቷ ወይም ከልጇ ጎን ቆማ መታየቷም የሚያስከፋ ነገር የለውም። ሁለተኛው መላ ትንሹን ጉርድ በትንሽነቱ አሳትሞ በትልቅ ክፈፍ መካከል ማስቀመጥና ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ወረቀት ማድረግ ነው። ጥርት ያለች ትንሽ ፊት ከደበዘዘች ትልቅ ፊት ትሻላለች።

ዛሬ ደግሞ «የደበዘዘ ፊት እናጠራለን» የሚሉ የስልክና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በዝተዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ከብዙ ሌሎች ሰዎች ፊት የተማሩትን ይዘው የጎደለውን ነጥብ በግምት ይሞላሉ። ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የሚወጡት ዓይንና ጥርስ ግን የእናታችን ላይሆኑ ይችላሉ። በግንባሯ ወይም በአንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥረው ሊያጠፉትም ይችላሉ። ስለዚህ ፎቶግራፍ ቤቱ ይህን ሲያደርግ ከዋናው ጋር አስተያይተው «ይህች እርሷ ናት ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። የሚያውቋት ጎረቤቶች ቢያዩት ደግሞ የበለጠ ነው።

በወረቀት ብቻ የቀረ የቆየ ፎቶግራፍ ያላቸውም ዘዴው አያስቸግራቸውም። ሰቆጣ ወይም ሌላ ከተማ ስካነር ካለበት ቤት ሲደርሱ በኢንች 600 ነጥብ እንዲነበብላቸው ይጠይቁ። በዚህ መጠን የተነበበ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶግራፍ እስከ 20 በ30 ድረስ ጎልቶ ሊታተም ይችላል። ስካነር ከሌለ ፎቶግራፉን ከመስተዋቱ አውጥተው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት ደጃፍ ላይ አጋድመው፣ ስልኩን ከላይ ትይዩ ይዘው ያለ ብልጭታ ያንሡት። በማዘንበልና በመስተዋት ነጸብራቅ የተበላሸውን መቁረጥ አይመልሰውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መቁረጥ የማያስፈልገው ፎቶግራፍ ነው። ስልክ ይዘው ሲያነሡ ምስሉን በጣት እየሳቡ ማቅረብ፣ ለማቅረቢያ የተሠራ ሌላ ሌንስ በሌለው ስልክ ላይ ያው መቁረጥ ነው፤ የሚቀርበው ሰውየው ሳይሆን የሚጣለው ነጥብ ነው። በጣት ከማቅረብ ሦስት እርምጃ በእግር መቅረብ ይሻላል። ሦስት እርምጃ ቀርበው ያነሡት ፊት በሺሕ የሚቆጠር ነጥብ በወርዱ ይኖረዋልና ለጉርድም ለግድግዳም ይተርፋል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በሚመጣው በዓል ልጆች ወደ ዝቋላ ሲገቡ፣ አለዚያም እናት ለሕክምና ወይም ለገበያ ሰቆጣ ስትወጣ፣ ከጓዳ ጠርተው፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በር ላይ በጥላው ብርሃን ቆማ ለብቻዋ ትነሣ። «እኔ ደግሞ ምን አለኝ» ብላ እንደምትሸሽ የታወቀ ነው፤ አይተዋት። ፎቶግራፉን በሁለት ቦታ ያስቀምጡት፤ አንዱን አሳትመው ለራሷ ይስጧት። ለሐዘን ቀን ከመፈለጉ በፊት እርሷው በዓይኗ አይታው ልትስቅበት ይገባል።