ከባሕር ዳር ኮምቦልቻ በአዲስ አበባ በኩል?

ወገን፣ ስልክህ ላይ ካርታ ክፈት። ጣትህን ባሕር ዳር ላይ አድርግና ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዝቅ እያልክ ሳበው። ኮምቦልቻ ትደርሳለህ። በአየር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የአገር ውስጥ መስመር ላይ የሚሠራው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። መነሳትና ማረፉን ጨምረህ 50 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

እስቲ ትኬት ልቁረጥ በል። ቀጥታ በረራ የለም! መጀመሪያ ወደ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በረህ ቦሌ ትወርዳለህ። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ከዚያ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትመለሳለህ። ደምረው፤ 580። የቀጥታው እጥፍ አልፎ ሄደ እኮ! የቦሌውን ጥበቃ ገና አልቆጠርኩትም።

"በመኪና ሂዳ" የሚል አይጠፋም። በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና፣ በወልድያ አድርጎ ደሴ ለመግባት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደጉ ጊዜ እንኳ ቀንህን ሙሉ ይበላል። መንገድ ሲዘጋ የሚሆነውን ደግሞ ለአንተ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

እኔ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ እያለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ለፈተና ጠራኝ። ጥሪው የደረሰኝ ሐሙስ፣ ፈተናው ሰኞ። መንገዱ ተዘግቷል። ቀጥታ በረራ ቢኖር ተበድሬም ቢሆን እሄድ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድ ግን ለሥራ አጥ የሚታሰብ አይደለም። ቀረሁ። ከወሎ ስንቱ እንዲህ እንደሚቀር አስበው። የክልሉ ዋና ከተማ ባሕር ዳር ነው ይባላል፤ ለደሴ ልጅ ግን የሚቀርበው አዲስ አበባ ነው።

የሚቀርበው ምክንያት አይጠፋኝም። ሁሉም በረራ ከቦሌ ተነስቶ ቦሌ ሲመለስ አውሮፕላን መመደብ ይቀላል፣ ከውጭ የሚመጣውም ተሳፋሪ እዚያው ይገኛል። በአጭር በረራ ደግሞ መነሳቱ ብቻ ብዙ ነዳጅ ይጨርሳል። እውነት ነው። በየቀኑ ይሁን ያለ ግን የለም! በሳምንት ሁለት ቀን፣ ባሕር ዳር፣ ላሊበላ፣ ኮምቦልቻ ይሁን። በላሊበላ ዞሮ እንኳ ከ320 ኪሎ ሜትር አያልፍም። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ ከከተማ ከተማ የሚዘል በረራ ለቱሪስት ለዓመታት ሠርቷል። ካሜራ ላንጠለጠለ ፈረንጅ የተቻለው ለታማሚ፣ ለነጋዴ፣ ለተፈታኝ ምን ሲሆን ነው የማይቻለው? አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ ያንተም ነው።

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ስም ሲነሳ ስንቱ እንደጻፈ ታስታውሳለህ። በላይ ዘለቀ ይገባዋል፣ ክርክር የለኝም። ግን ከበላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ተነስቶ በቀጥታ ኮምቦልቻ መድረስ ካልተቻለ፣ ስሙ በሩ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ኮሜንት ላይ ስድብ አልፈልግም። ከባሕር ዳር ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሄዳችሁ፦ በምን ሄዳችሁ? ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ? ስንት ከፈላችሁ? ወሩንና ዓመቱን ጨምራችሁ ጻፉ። ሰብስበን ለአየር መንገዱም ለክልሉ ትራንስፖርት ቢሮም በደብዳቤ እናስገባዋለን።