«ልጅዎ ሥራ አገኘች ወይ?»

አዋሽ ላይ ጠዋት ዳቦ ለመግዛት ስወጣ ቢያንስ ሁለት ሰው ያቺኑ ጥያቄ ያነሣብኛል። «መምህር፣ ልጅዎ ሥራ አገኘች ወይ?» አዎ፣ እየሠራች ነው እላለሁ። «ተመስገን! የት ገባች?» የትም አልገባችም፣ ቤቷ ሆና ነው የምትሠራው። እዚህ ላይ የጠያቂው ፊት ይለወጣል። አንዱ «እግዚአብሔር ያግዛት» ይላል፣ ሌላው «አላህ ያግራላት» ይላል። ሁለቱም ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አልቀየማቸውም። አምና በዚህ ወቅት እኔ ራሴ ከእነሱ ብሼ ነበር።

ልጄ የምትኖረው ሎጊያ ነው፣ ሰመራ ጥግ። ሰመራ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ስለሆነች መሥሪያ ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም እዚያ ነው። ሎጊያ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ኪራይ የሚቀንስለትን ቤት የሚፈልግ ሠራተኛ የሚኖርባት ናት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላቸው። እሷ የምትተዳደረው በመጻፍ ነው። ሪፖርት ትጽፋለች፣ ከአማርኛ ወደ አፋርኛ፣ ከአፋርኛም ወደ አማርኛ ትተረጉማለች፣ ለማኅበራት የፕሮጀክት ሐሳብ ታዘጋጃለች፣ ለሥራ ፈላጊ ማመልከቻ ታስተካክላለች። ደመወዝ የላትም፣ አለቃም የላትም።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት በመሬት መንቀጥቀጡ ሰበብ ነው። ታኅሣሥ 2017 ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር አልረጋ ብላ፣ አንዳንዱ ንዝረት በመለኪያው ከ5 በላይ በነበረበት ሰሞን፣ እኛም ሌሊት ሌሊት ደጅ መቀመጥ ሰለቸን። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ። እኔም ባለቤቴንና አማቴን ይዤ በገዋኔና በሚሌ አድርጌ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ ሎጊያ ገባሁ። «ለአንድ ሳምንት ነው» ብለን ሁለት ወር ከረምን።

እዚያው እያለን፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ልጄ የምትሠራበት ፕሮጀክት ተዘጋ። የውጭ ዕርዳታ ተቋርጦ በየክልሉ ብዙ ሰው በአንድ ደብዳቤ ከሥራ የወጣበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል። የእሷም ደብዳቤ ላይ «ለጊዜው» የሚል ቃል ነበረበት። አነበበችው፣ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ልጇን አጠበች። ማታ ላይ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ለራሴ ልጽፍ ነው» አለችኝ።

እኔ 34 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ሥራ ማለት በወሩ መጨረሻ ፔሮል ላይ የሚፈረምበት ነገር ነው። ታላላቆቹን ደራሲዎቻችንን ቆጠርኩላት። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹም ነበር። መንግሥቱ ለማ በውጭ ጉዳይ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ ሠርቷል። ሁሉም እንጀራ የበሉት በደመወዝ ነው። በብዕሬ ብቻ እኖራለሁ ብለው ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ አቤ ጉበኛ ነው፤ እሱም «አልወለድም»ን ጽፎ መጽሐፉ ታገደበት፣ ኋላም ለግዞት ተዳረገ። «እንዲህ ያለውን ዕድል ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። የአስተማሪ ክፉ ልማድ ነው፤ ምሳሌ ከያዝን አንለቅም።

ባለቤቴ ከማጀት ሆና ትሰማኝ ኖሮ «አባትህስ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ዛሬ ልጆች ስሙን ላያውቁት ይችላሉ። ፍርድ ቤትና ቀበሌ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መጻፍ ለማይችለው ሰው ማመልከቻና አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው። አሁንም በየከተማው አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ሆነ እንጂ። አባቴ አዋሽ ላይ ከግራር ሥር የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ኋላም አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነበረው። ደንበኞቹ ደመወዙ የተቆረጠበት የባቡር ሠራተኛ፣ ከብቱ የተነዳበት አርብቶ አደር፣ ባሏ ጅቡቲ ሄዶ የቀረባት ሴት ነበሩ። ስድስት ልጅ አሳድጎበታል። እኔን መምህራን ማሠልጠኛ ያስገባኝ ያ ጠረጴዛ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት «የአባት ሥራ» የሚለው ላይ ምን ብዬ እንደምሞላ ስጠይቀው «የግል በል» አለኝ። እኔ ግን አፍሬ «የመንግሥት» ብዬ ሞላሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አባቴ ቀብድ ሳይቀበል ወረቀት መኪናው ላይ አያስገባም ነበር። ከጻፈ በኋላ ደግሞ ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ሰውየው «አዎ፣ ይኼ የእኔ ቃል ነው» ካላለ አያስፈርመውም። ሐሰት ጻፍልኝ ብሎ የሚመጣ ሲያጋጥመው መኪናውን ከድኖ «ዛሬ ቀለም የለኝም» ይል ነበር።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ልጄ በእጇ የነበራት ሥራ ሦስት ማመልከቻና አንድ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ 5,000 ብር ደርሷል። ያን ሰሞን አንድ ትሑት፣ ጥሩ ለባሽ ጎልማሳ መጣ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትጽፍለት ፈለገ። 30,000 ብር፣ ግማሹ አሁኑኑ በሞባይል። ይህ ንግድ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ እንደሚደራ የምታውቁት ነው። ልጄ «ቋንቋውን ላርምልህ፣ ሰንጠረዡን ላስተካክልልህ፤ ሐሳቡን ግን አንተ ጻፈው» አለችው። ፈገግ ብሎ ሄደ።

ተከትያት ማጀት ገባሁ። አሁን የምነግራችሁ ያሳፍረኛል። «ካንቺ ባያስጽፍ ከሌላ ማስጻፉ አይቀርም። ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው፤ ልጁ ወተት ይፈልጋል» አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። «አባዬ፣ አንተ ብታርመው ስንት ትሰጠዋለህ?» አለችኝ።

34 ዓመት ሙሉ ኩረጃ ስይዝ ወረቀት የቀደድኩ ሰው መልስ አጣሁ። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከጅቡቲ የሚመጡትን መኪናዎች ስቆጥር አመሸሁ። የዚያን ወር ኪራይ ከጡረታዬ ከፈልኩ። እሷም ደብተሯ ላይ «ከአባዬ ብድር» ብላ ጻፈችው፤ ነሐሴ ላይ እምቢ እያልኩ መለሰችልኝ።

በመጨረሻ ያቆማት የእናቷ ቋንቋ ነው። ባለቤቴ አፋር ናት። በ2012 የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ከአምስቱ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ፖሊሲ ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርደው ቀስ ብሎ ቢሆንም፣ የክትባት መልእክቱም የውኃ አጠቃቀም መመሪያውም አፋርኛ ይፈልጋል። አፋርኛ የሚጻፈው ደግሞ በላቲን ፊደል ሆኖ የራሱ አነባበብ አለው። «ኪው» የምንለው ፊደል እንደ ዓረብኛው «ዐይን» ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሕዝቡን ስም እንኳ «ቃፋር» እያለ ያነብባል።

አማቴ ማንበብ አይችሉም። የልጄ የመጨረሻ አራሚ ግን እሳቸው ናቸው። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንድ ቀን ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚናገር ዐረፍተ ነገር ስታነብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ቃሉ ለፍየል የሚባል ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ተቆጡ። ሪፖርቱ «የማኅበረሰቡ አባላት ተደስተዋል» ይል ነበር። «ማን ነው የተደሰተው? አንቺ አይተሻል? ማን ነገረሽ?» አሏት። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ከእገሌ ሰማሁ» ብለው ለይተው ይናገራሉ፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ቀላል ጥፋት አይደለም። ልጄ ወደ አሠሪዎቹ ደወለች። ማን እንደተደሰተ የሚያውቅ ስለጠፋ ዐረፍተ ነገሩ ወጣ። እነዚያ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሥራ ሰጥተዋታል።

ሁሉም አሠሪ ግን እንዲህ አይደለም። ሰኔ ላይ ለአንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ 60 ገጽ ተረጎመች። ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ መብራት ከሄደ ፋኑም ይቆማል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ልጁ እስኪነቃ ትሠራ ነበር። ውሉ የስልክ ቃል ብቻ ነው። ሥራው ተወሰደ፣ ገንዘቡ «በሂደት ላይ» ሆነ። መጀመሪያ ደረሰኝ አምጪ አሏት። ለደረሰኝ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ተሯሩጣ አወጣች። ቀጥሎ የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል ተባለች። ቀጥሎ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል ተባለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ልጄን ግን አላስተማርኳትም።

አሁን ቀብድ ሳይገባ ፋይል አትከፍትም። አንድ ገጽ ውልም አላት፤ ያረቀቅኩላት እኔ ነኝ። ስንት ገጽ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ሥራው በደረሰ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል ይላል። እርማት ሁለት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ ነው። ይህቺ የእርማት ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ፤ ሥራ ሰጪ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ልጄ እንቅልፏን ታጣ ነበር። ጠበቃ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ነገር አስጨመረን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በውል ሌላ ካልተባለ በቀር በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱ የአዛዡ ነው። ስለዚህ የጻፈችውን ኋላ በራሷ መጽሐፍ ላውጣው ካለች አስቀድማ ውሉ ላይ ማስፈር አለባት። ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ አንተስ ለጋዜጣው ዓምድህ ውል አለህ?» አለችኝ። የለኝም። አዘጋጁ ይህን ሲያነቡ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ «ከውጭ አሠሪ ፈልጊ፣ ዶላር ነው» ይላታል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን ስላለፈ ነገሩ ያጓጓል። ነገር ግን በፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ ሌላውም መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ደግሞም በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚጽፈው ማሽን ይፈጥነኛል ትላለች። በአፋርኛ ግን አማቴን አያልፍም።

ከሁሉ የከበደኝ ቤት ያለች ልጅ ሥራ ላይ እንደሆነች ማመን ነው። ኮምፒዩተር ፊት ዝም ብላ ስትቀመጥ ያረፈች ይመስለኛል። «እስቲ ቡና አፍዪ»፣ «ያቺን ጎረቤት ሰላም በያት»፣ «ስልኬ ምን ሆነብኝ?» እያልኩ በቀን አሥር ጊዜ አስነሣት ነበር። መሥሪያ ቤት ሳለች ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ቡና አፍዪልኝ አላልኳትም። በኋላ በሩ ላይ ቀይ ሻሽ ማንጠልጠል ጀመረች። ሻሹ ካለ ምድር ካልተንቀጠቀጠ በቀር ማንም አይገባም። ሕጉን ከእኔ ቀድሞ የለመደው የሦስት ዓመቱ ልጅ ነው። አንድ ቀን በሩን ልገፋ ስል ሱሪዬን ይዞ «አያቴ፣ ቀይ ነው!» አለኝ።

መዝገቡን አሁን እኔ እይዝላታለሁ። በጥቅምት ከቀድሞ ደመወዟ የሚበልጥ ገባ። በኅዳር ምንም አልገባም ማለት ይቻላል፤ የኅዳርን ኪራይ የከፈለው ጥቅምት ነው። ያ የ60 ገጹ ድርጅት ከሰባት ወር በኋላ ባለፈው ወር ግማሹን ከፈለ። ቀሪው ግማሽ በቀይ እስክሪብቶ እንደተጻፈ ነው።

ነገ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ሎጊያ እሄዳለሁ። 32 ገጽ ቀርቷታል፣ ማስረከቢያዋ ሐሙስ ነው፣ ባሏም ጅቡቲ ነው። ልጁን እኔ እይዘዋለሁ። አማቴም አብረውኝ ናቸው፤ ለእርማት።