ይገጥማል ማለት ይፈጥናል ማለት አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከደመወዛቸው ቆጥበው የቆየ ኮምፒዩተራቸውን ለማፍጠን ለሚደክሙ ሁሉ ይጠቅማልና፥ ይህን አጭር አሳቤን በአምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። «ኬ» የምትለው ፊደል ማባዣው እንዳልተቆለፈ ስለምታመለክት፥ ኦቨርክሎክ የሚያደርጉ ብዙዎች ከ4 በላይ አድርሰውታል። ይሁን እንጂ ፈቃጁ ማዘርቦርዱ ነው። ኤች61 ወይም ኤች67 ቺፕሴት ባለው ላይ ቢተክሉት ማባዣውን ከፍ ማድረግ አይቻልም። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ግን ሻጩ «ይገጥማል» ይላል፤ አልዋሸም! ገዢው ፒ67፥ ዜድ68 ወይም ዜድ77 ብሎ ስሙን ጠርቶ ይጠይቅ። የመጀመሪያዎቹ ፒ67 የሳታ መሰኪያ ጉድለት ስለ ነበረባቸው ኢንቴል ራሱ በ2011 አስመልሷቸዋል፤ ስለዚህ ቢ3 የተባለው የታረመው መሆኑ ይጣራ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው በሶኬቱ ዙሪያ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብለው ክፍል ነው። ቮልቴጅ ሲጨመር የሚፈጀው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ይህን ተማሪዎቻችንም ያውቁታል። በዚያ ክፍል ላይ ሙቀት የሚያወጣ ብረት ከሌለ ዋጋው ቢረክስም ይቅር። ካፓሲተሩ ያበጠውንማ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር