ዓሣው ሲታመም መጀመሪያ ውኃው ይታይ

ዛሬ ቤታችሁ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለምታሳድጉ የምለው አለኝ።

ዓሣ ሲታመም ብዙ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ወይ ደግሞ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ ከቧንቧ እንደቀዳ ይሞላዋል። ዓሣው ሲሞት “ድሮም ታሞ ነበር” ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ዓሣ የሚኖረው እዚያው በሚጸዳዳበት ውኃ ውስጥ እኮ ነው! ከቆሻሻውና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አሞኒያ ቀለም የለውም። ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። ዓሣው ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ከደን ሲያደርግ “ርቦት ነው” ብሎ ምግብ የሚጨምርለት ሰው አለ። አየር አጥሮት እኮ ነው!

የቧንቧ ውኃ ደግሞ ክሎሪን አለው። ለእኛ ጀርም ይገድልልናል፤ ዓሣውን ግን ይጎዳል፣ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሆነው አሞኒያውን የሚቀንሱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ስለዚህ እኛ ቤት ውኃውን በባልዲ ቀድተን ሳንከድነው 24 ሰዓት እናቆየዋለን፤ ከገንዳውም ሩቡን ብቻ እንቀይራለን። እማዬ “ደግሞ ለዓሣም ውኃ ይጠራቀም?” ትላለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እውነቷን ነው፤ ግን ሩቡ እኮ ትንሽ ነው።

ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት አዎ፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ያኔም ቢሆን ውኃው ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ዓሣ ሻጮችም ዓሣውን በፌስታል አድርገው ሲሰጡን ስለ ውኃው ቢነግሩን ጥሩ ነው።