የሙት መታሰቢያ ወይስ የሕያው ዕዳ?

ሞት ቀጠሮ የለውም። ስለዚህም ነው በአገራችን ኀዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን እንዳይቀር ዘመድ ከሩቅ፣ ጎረቤት ከቅርብ ተሰብስቦ አብሮት የሚውለውና የሚያድረው። በተለይም በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ባለው አገር፣ አንድ ሰው ያረፈ እንደ ሆነ ገበሬው እርሻውን አቁሞ፣ ባልቴቲቱ ምድጃዋን ትታ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳሉ። ይህ ልንኮራበት የሚገባ ልማድ ነው። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ልማዱን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ልማዱን ተከትሎ ስለሚመጣውና ኀፍረት ይዞን ስለማንነጋገርበት ነገር፣ ይኸውም ስለ ወጪው ጥቂት ለመናገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለ ሆነ፣ ሽማግሎች «ይህ ልጅ ስለ ሞት ምን ያውቃል?» ቢሉኝ አልቀየምም። የምናገረው ግን በቤታችን የደረሰውን ነው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር መጨረሻ፣ በጎዛምን ወረዳ ገበሬ የነበሩት አጎቴ ታመው ዐረፉ። እኔም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ለቀብር ደረስሁ። አጎቴ ሀብታም አልነበሩም፤ ድኻም አልነበሩም። አንድ ጥማድ በሬ፣ አንድ ላም፣ ለጤፍና ለስንዴ የሚሆን መሬትና ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ልጃቸው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለ ነበረና ጽሕፈቱም ያማረ ስለ ሆነ፣ የወጣውን ገንዘብ ሁሉ በትምህርት ቤት ደብተሩ እንዲመዘግብ ሽማግሎች አዘዙት።

ያን ደብተር ዘንድሮ አየሁት። የቀብሩ ወጪ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ለመገነዣ አቡጀዲ፣ ሰሌን፣ የሳጥን ጣውላና ምስማር፣ ዕጣንና ጧፍ፣ ለካህናት የተሰጠ፣ ቡናና ስኳር፤ ይኸው ነው። መቃብሩን የቆፈሩት የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው። ሳጥኑን ያበጀው ጎረቤት የእጁን ዋጋ አልተቀበለም። ለቀስተኛውም የበላው ከየጎረቤቱ በእዝን የመጣውን እንጀራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አራት ገጽ ግን የዐርባው ተዝካር ነው። ጤፍ፣ ብቅል፣ ጌሾ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማገዶ፣ አረቄ፣ የድንኳን ኪራይ፣ የሰንጋ ዋጋ። በአራተኛው ገጽ ግርጌ «ብድር» የሚል ቃል ተጽፎ ከሥሩ የሰባት ሰዎች ስም ተደርድሯል።

ዕዳውን ለመክፈል ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። የገበሬን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አክስቴ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው፣ ተራ ጠብቀው ማሳረስ ግድ ሆነባቸው፤ ተራው እስኪደርስም የዘሩ ጊዜ ዘገየ። ከመሬቱ ከፊሉ ለሁለት ዓመት ተከራየ። ያ ጽሕፈቱ ያማረ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ ዛሬ በደብረ ማርቆስ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ድንጋይ ያቀብላል። በዚያ ተዝካር ላይ ሥጋ ከቆረጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ከደብተሩ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። ቀብር ሌላ፣ ተዝካር ሌላ ነው። ቀብር የማይቀር ነገር ነው፤ ቀኑን አይመርጥም፤ ነገር ግን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ተጋግዞ የሚሸከመው ስለ ሆነ ቤት አያፈርስም። ቤት የሚያፈርሰው ዐርባ ቀን ሙሉ ታስቦበት፣ ተመክሮበትና ተበድሮበት የሚደገሰው ድግስ ነው። እኛ ግን ሁለቱን በአንድነት «የሞት ወጪ» ብለን ስለምንጠራቸው፣ ልንቀንሰው የምንችለውን ሁሉ እንደማይቀር ዕዳ እንቈጥረዋለን።

ቤተ ክርስቲያን ለሟች ጸሎት የምታደርግባቸው ቀናት የታወቁ ናቸው፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት። ተዝካር የሚለው ቃልም ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው መታሰቢያ ማለት ነው። መታሰቢያውም ጸሎትና ቍርባን፣ ለድኻም የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ሰንጋ ያልታረደለት ሰው ጸሎቱ አይደርስለትም የሚል ሥርዓት የለም። እንዲያውም መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ለሟች ማልቀስና በክብር መቅበር እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ፣ ኀዘን ልክ እንዲኖረውና ሕያው ራሱን እንዳይጎዳ ይመክራል። ለእንባ ልክ ካስፈለገው ለድግስ ምን ያህል አያስፈልገው!

በርግጥ ተዝካር ባዶ ብክነት ነው ማለት አይቻልም። ጎጃም የቅኔ አገር ናት። እንደ ዋሸራና እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት ስመ ጥር የትምህርት ቦታዎች የሚማር የቆሎ ተማሪ፣ ኮቸሮ ለምኖ የሚያድር ምስኪን፣ በተዝካር ቀን ጠግቦ ይበላል። በየገዳሙ በር የተቀመጠው ነዳይም እንደዚሁ ነው። ይህን የሚያህል የሟች መታሰቢያ ከየት ይገኛል? ነገር ግን አንባብያን በቅርብ ያዩትን ተዝካር ያስታውሱ። በድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ሥጋ የሚቀርብለት ማን ነው? በቤቱ እንጀራ ያለው ዘመድ ወዳጅ አይደለምን? ተማሪውና ነዳዩ ከአጥር ውጭ ሆነው የተረፈውን ይጠብቃሉ። ስለ ነፍስ ተብሎ የተደገሰው ድግስ አብዛኛው ለጠገበ ሰው ይውላል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን እያወቅን ለምን እንደግሳለን? አንደኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። «አባቱን እንደ ውሻ ቀበረ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ዕዳ ይልቅ ያስፈራል። ሁለተኛው፣ የሰው ተዝካር የበላ ሰው በተራው ማብላት አለብኝ ማለቱ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ከደግነት የመጡ ናቸው፤ ክፉ ሐሳብ የለባቸውም። ነገር ግን በኀዘን ልቡ የደከመን ሰው ከዐቅሙ በላይ ሲያስምሉትና ሲያስወስኑት፣ ደግነቱ ወደ ግፍ ይለወጣል። በዐርባው ቀን ያመሰገነው ሰው ሁሉ በዓመቱ ዕዳ ሊከፍልለት አይመጣም።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት አስቀድሞ አይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1014 ከሟች ሀብት ላይ ከዕዳም ከኑዛዜ ስጦታም በፊት የቀብር ወጪ እንዲከፈል ያዝዛል። ቀጥሎም በቁጥር 1015 ይህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሟቹ የኑሮ ደረጃ ተገቢ ለሆነው ወጪ ብቻ መሆኑን ገልጦ፣ የተዝካር ወጪ ከቀብር ወጪ እንደማይቈጠር በግልጥ ይናገራል። ይህ ማለት አንዱ ወራሽ በገዛ ፈቃዱ ደግሶ «ለአባታችን ቀብር ነው» በማለት ከሌሎች ወራሾችና ከባለ ዕዳ ጠያቂዎች በፊት ገንዘቡን ሊያነሣ አይችልም ማለት ነው። ብዙ ወንድማማቾች በየፍርድ ቤቱ የሚከራከሩት ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነውና ቢታወቅ መልካም ነው።

እንደዚሁም ሕጉ ሰው በኑዛዜው ስለ ቀብሩ አፈጻጸም ለማዘዝ ይፈቅድለታል። መጻፍ የሚችል ሰው ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፣ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀንና ፊርማ ካኖረበት ይበቃዋል። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰውም ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ተናግሮ ስለ ቀብሩ ሊያዝዝ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳልና በጽሑፍ የሆነው ይሻላል። «ለተዝካሬ በሬ አትሽጡ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን፣ ለነዳያን ዳቦና ጠላ ይብቃኝ» የሚል አንድ መስመር ከአባት እጅ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ልጆቹን ከስንት ሐሜት ያድናቸዋል! ይሉኝታን የሚያሸንፈው የሟቹ የራሱ ቃል ነውና።

ስለ ዕድርም አንድ ነገር ላንሣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለው በዕድር በእውነት ይታያል። ዕድርተኛ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ፣ ሞት በደረሰ ጊዜ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ ያገኛል፤ ከሁሉም በላይ ሰው ያገኛል። ይሁን እንጂ ብዙው አባል ዕድሩ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ለማን ለማን እንደሚሰጥ፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን የሚጠይቀው ከሞተበት በኋላ ነው። ደንቡን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። የዕድር ዳኞችም ቢሆኑ አባሎቻቸውን ሰብስበው ለተዝካር መጠን ቢያወጡለት፣ ድኻው ይሉኝታውን በደንቡ ላይ አሳልፎ ይገላገላል። «እኔ ሳልሆን ዕድሩ ከለከለኝ» ማለት ምንኛ ያሳርፋል!

ከዚህ ሌላ ሞት በደረሰ ሰዓት የሚደረገውን በጥቂቱ ላመልክት። መጀመሪያ፣ ከቅርብ ኀዘንተኛው ሌላ ልቡ የረጋ አንድ ሰው ገንዘብ ያዥ ይሁንና ወጪውን ሁሉ ይጻፍ። የሳጥንና የመኪና ዋጋ ኀዘንተኛው ራሱ ሳይሆን ይኸው ሰው ከሁለት ከሦስት ቦታ ይጠይቅ፤ የሚያለቅስ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ ያረፈውን ዘመድ ዐባይን አሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደብረ ማርቆስ ማምጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ የት እንደሚቀበር ሰውየው በሕይወት ሳለ ቢነጋገሩበት ይሻላል። ሦስተኛ፣ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባዋል። የጡረታ መብት ለመጠየቅና የሟችን ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ለመፈጸም ይህ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋልና፣ ከዐርባው ድግስ በፊት የቀበሌው ምዝገባ ይታሰብ።

በቀብር ወጪ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ አገር ቀባሪ ድርጅቶች የኀዘንተኛውን ድካም አይተው ውድ ሳጥንና ያልተፈለገ አገልግሎት ይሸጣሉ በማለት፣ ጄሲካ ሚትፎርድ የተባለች ጸሐፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አሳትማ ሕዝቡን አነጋገረች። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ደንብም ድርጅቶቹ የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ ለይተው በዝርዝር እንዲሰጡ ግዴታ ሆነባቸው። በዚያ አገር የሚያስወጣው ነጋዴው ነው፤ በእኛ ዘንድ ይሉኝታው ነው። መድኃኒቱ ግን አንድ ዐይነት ነው። እያንዳንዱን ወጪ ለይቶ ማየትና «ይህ ለሟቹ ነው ወይስ ለተመልካች?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የአጎቴ ሙት ዓመት ቀርቧል። ቀኑ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ አንዳንድ ዘመዶች «ከገና በኋላ ይሁንና ሰንጋ ይታረድ» ማለት ጀምረው ነበር። የቀረችው ላም ትሸጥ ማለታቸው ነው። ባለፈው ሰንበት ደብተሩን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። አክስቴም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔ መልስ አጣሁ። መልሱን የሰጡት የነፍስ አባታቸው ናቸው። «በጾሙ ውስጥ፣ በዕለቱ ጸሎቱ ይደረጋል። አንቱ ዳቦና ጠላ ያምጡ፤ ለነዳያንና ለተማሪዎች እኛው በደጀ ሰላሙ እናካፍላለን። ላሚቱ ለልጆቹ ትታለብ» አሉ። ከዘመዶች መካከል ያኰረፈ አለ። ላሚቱ ግን አትሸጥም፤ ልጁም በመጪው መስከረም ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ተስማምተናል።

ዛሬ እሑድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንድነት ለቡና ይቀመጣል። ስለ ሞት መነጋገር ሞትን አይጠራም። እናት አባት ባሉበት፣ ፊት ሳይጠቍር፣ ልብም ሳይሰበር «ለእኔ ይህን አድርጉ፤ ይህን አታድርጉ» ቢባባሉና አንድ ወረቀት ላይ ቢጽፉት፣ በክፉ ቀን ለልጆቻቸው ትልቅ ውርስ ትተዋል ማለት ነው። ሙታንን የምናከብራቸው የደከሙበትን ጥማድ ፈትተን በመሸጥ ሳይሆን፣ የተዉልንን ቤት በማቆም ነው።